የአዛናው ግራ እግር

የሰው እግር የሚታመመው ሥራ ሲበዛበት ነው። የአዛናው ግራ እግር ግን የታመመው ሥራ ሲያጣ ነበር።

አይፈረድበትም። አዛናው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በመተማ ቆላ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ትራክተር ፍሪሲዮን አለው፤ የፍሪሲዮን አዛዥ ደግሞ ግራ እግር ነው። ማርሽ በተለወጠ ቁጥር ግራ እግር ይረግጣል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ እንደገና ይረግጣል፣ ይለቃል። በዘር ወቅት ይህ ከማለዳ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ነው። ሚስቱ ታንጉ እንደምትለው ከሆነማ አዛናው ተኝቶም ከአንሶላው ሥር ማርሽ ይለውጥ ነበር፤ በሕልሙ ዳገት ያየ ለት እሷም እንቅልፍ አልነበራትም።

ዘንድሮ ሰሊጡ ገና ሳይታጨድ የእርሻው ባለቤት አቶ አገኘሁ ከጎንደር ወረደና “አያ አዛናው፣ ከእንግዲህ ይረፉ፤ ለጀርባዎም ይዘኑለት” አለው። ባዶ እጁን አላሰናበተውም። ራሱ ሲነዳት የኖረችውን ነጭ ኮሮላ ቁልፏን አስረከበው። አዛናው አለቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ ትራክተር ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የኖረ ሰው ጣራና መስኮት ያላት የራሱ መኪና አግኝቶ ካላለቀሰ መቼ ያለቅሳል?

ጉዱ የታወቀው ከግቢው ሲወጣ ነው። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት። ማርሽዋን ራሷ ትለውጣለች፤ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከመሪው ሥር ያሉት መርገጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ፍሬን፤ ሁለቱንም የሚረግጠው ቀኝ እግር ነው። ለግራ እግር የተረፈው ወለሉ ነበር።

ግራ እግር ግን ወለል ላይ መቀመጥ አልለመደም። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የአዛናው ጆሮ “ማርሽ ለውጥ” ይላል፤ እግሩም ጌታውን ሳያማክር ይነሣና ያገኘውን ይረግጣል። የሚያገኘው ፍሬኑን ነው፤ የሚረግጠውም በፍሪሲዮን አረጋገጥ፣ ድብን አድርጎ እስከ ታች። ያኔ መኪናዋ አፍንጫዋ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ታጎነብሳለች፤ ውስጧ ያለ ሰውም አብሯት ያጎነብሳል። የፊት ወንበር ቀበቶዋ ደግሞ ተበጥሶ ከቀረ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ቀን ታንጉን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ገንዳ ውሃ ገበያ ወጣ። ሲመለሱ ታንጉ የቲማቲም ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋለች። መናኸሪያው አጠገብ ሲደርሱ ሞተሩ ጮኸ፣ ግራ እግር ተነሣ፤ ቲማቲሙ ከዘንቢሉ ወጥቶ የፊት መስተዋቱ ላይ ፈነዳ፤ የታንጉ ፊትም አልተረፈም። ከኋላ የነበረው ባጃጅ ለጥቂት ነው የዳነው። ባለባጃጁ ሊሳደብ ወርዶ መጣና ታንጉን ሲያያት ክው ብሎ “ደም ነው?” አለ።

“ወጥ ነው” አለችው ታንጉ፣ “ቤት ሳንገባ ደረሰልን።”

ከዚያ ወዲህ ከተማው መኪናዋን “እጅ ነሺ” ብሎ ጠራት። ለሰው ሁሉ አጎንብሳ ሰላምታ የምትሰጥ ጨዋ መኪና ማለት ነው። ባጃጆች ከሩቅ ሲያዩዋት ጥግ ይዘው ያሳልፏታል፤ ስታልፍም ሾፌሮቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሷታል። አዛናው ይህን ሁሉ በሳቅ አሳለፈው። ያላሳለፈው የልጁን የማህደርን ነገር ነው።

ማህደር አንድ ልጁ ናት። ገንዳ ውሃ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ቸሩ የሚባል የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ወዷት፣ ወዳው፣ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆረጠ። በዚያ ቀን ማህደር ፀጉሯን ተሠርታ በአባቷ መኪና ወደ ቤት ስትመለስ፣ በራፉ ላይ ግራ እግር ሥራውን ሠራ። ግንባሯ ከዳሽቦርዱ ጋር ተገናኘ። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ሎሚ የሚያክል እብጠት አብጦ ነበርና ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቀና ሳትል አስተናገደቻቸው። ሽማግሌዎቹ “እንዲህ ያለች ዓይን አፋር ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል” እያሉ ሄዱ። ማህደር ዓይን አፋር ሆና አታውቅም። ታንጉ ጓዳ ገብታ አፏን በመቀነቷ ይዛ ሳቀች፤ አዛናው ግን ደጅ ወጥቶ ከመኪናዋ አጠገብ ብቻውን ቆመ።

ለምን እንዲህ እንደከፋው የታወቀው ስለ መልሱ ሲነጋገሩ ነው። የሠርግ ቀን የወንዱ ወገን ነው፤ ይመጣል፣ ይጨፍራል፣ ልጅን ይዞ ይሄዳል። መልስ ግን የሴቷ ወገን ቀን ነው። ሙሽሮቹ ወደ እናት አባቷ ቤት የሚመለሱበት፣ የአባት ደረት የሚነፋበት ቀን ነው። አዛናው የመኪናዋን ቁልፍ ከተቀበለባት ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ሲያልም ኖሯል። ልጁን ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውሃ በራሱ መኪና፣ በራሱ እጅ ሊያመጣት። ይህንን ራት ላይ ሲናገር ሁሉም ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ለዝግጅቱ ሊመክር የመጣው ጎረቤታቸው ሽኩር እንኳ፣ ያ ወሬ የማይጠፋበት የሚኒባስ ሾፌር፣ ጉርሻውን በጉንጩ ይዞ ቀረ።

“አባየ” አለች ማህደር በመጨረሻ፣ “አንተ የቤቱ ጌታ ነህ እኮ። በራፍ ላይ ቁመህ ነው መቀበል ያለብህ። ሽኩር በዶልፊኑ ያመጣናል።”

“የኔ መኪና እያለች በሰው መኪና?”

“አባየ፣ ካባ ለብሼ ዘውድ አድርጌ ነው የምመጣው።” እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈች። “ዘውዱ እዚህ ላይ ነው የሚያርፍ።”

ግንባሩ የእሷ ነው፤ እብጠቱ የእሱ ሥራ ነው። ሳህኑን ገፋ አደረገና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሽኩር ክፉ ሰው አይደለም። ቀልድ ይወዳል እንጂ የሽማግሌ ሐዘን አይችልም። ጉርሻውን ውጦ “አያ አዛናው፣ አንድ ነገር ልበል” አለ። “የዘንድሮው ሩጫ ደርሷል። ይምጡና ከኔ ጋር ይሩጡ።”

በየዓመቱ ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ፣ የቀን ሠራተኞቹ ወደየደጋቸው ሳይመለሱ፣ በአቶ አገኘሁ እርሻ ላይ የመኪና ሩጫ አለ። ድሮ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ቀጥ ያለ የጠጠር ሜዳ ነው ቦታው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከፊታቸው ባዶ ጆንያ ከፍ ብሎ ተይዟል፤ ጆንያው ሲወርድ ይነሣሉ፤ የኖራውን መስመር ቀድሞ ያለፈ አሸነፈ። ሌላው ዓለም ድራግ ይለዋል፤ የገንዳ ውሃ ሰው “ቀጥ” ይለዋል፣ መጠምዘዝ ስለሌለበት።

“ሰው እየጮኸ፣ ሞተር እያገሳ፣ እኔ ከጎንዎ ሁኜ” አለ ሽኩር፣ “መኪናዎት አንድ ጊዜ እንኳ እጅ ሳትነሣ መስመሩን ካለፈች፣ በሰላም ቀን መንገድ ላይ ምን ያቅትዎታል? ሙሽሮቹን እርስዎ ያመጣሉ፣ እኔ ዘፋኞቹን እጭናለሁ።”

“ባሸንፍህስ?”

“ማሸነፉ እንኳ ይቅርብዎት፣ አያ።”

ማህደር አባቷን አየችው። የሰውየው ዓይን እንደ ልጅ ዓይን ቦግ ብሎ ነበር። “እሽ” አለች። “ዳኛዋ ግን እኔ ነኝ። መስመሩ ላይ ቁሜ አያለሁ። አንዲት ጊዜ እጅ ከነሣች በራፍ ላይ ነው የምትቀበለን።”

በማግስቱ የግራ እግር ቅጣት ተጀመረ። መጀመሪያ ታንጉ በጥጃ ማሰሪያ ከወንበሩ እግር ጋር አሰረችው። ደህና ሠራ፤ አዛናው ከተማውን ዞሮ አንድም ጊዜ እጅ ሳይነሣ ወፍጮ ቤት ደረሰ። ከደስታው ብዛት መታሰሩን ረሳና በሩን ከፍቶ ወረደ። እሱ ወረደ፣ እግሩ መኪና ውስጥ ቀረ። እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች እየተሳሳቁ አነሱት፤ ማሰሪያውን የፈታችው አሰበች የምትባል መበለት “አያ፣ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ማን ሊሰርቅዎት ነው?” አለችው።

ቀጥሎ እግሩን አጥፎ ተቀመጠበት። እግሩ ደነዘዘ። ከመኪና ወርዶ እያነከሰ ቤቱ ሲገባ ያየ ሰው ላየው ሁሉ ነገረና፣ አዛናው ግማሽ ጎኑን ሽባ ሆነ ተብሎ ሰፈሩ ስኳርና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ታንጉ ብርቱካኑን ተቀበለች፤ እሱ በደንዛዛ እግሩ ቁጭ ብሎ እግዜር ይማርህ ሲባል ዋለ።

በመጨረሻ ወደ አብዱረሕማን ሄደ። አብዱረሕማን የዚያኛው ማዶ ሰው ነው፤ ጦርነቱ ድንበሩን አሻግሮ ካመጣው ወዲህ ገንዳ ውሃ ላይ በቆርቆሮ ጥላ ሥር መኪና ይጠግናል። በወጣትነቱ ካርቱም ላይ፣ አርብ አርብ ሰፋፊው መንገድ ጭር ሲል፣ ከጓደኞቹ ጋር ቀጥ ይሮጥ እንደነበር ራሱ ይናገራል። አዛናው ታሪኩን ሁሉ ከቲማቲሙ እስከ ጥጃ ማሰሪያው ዘረገፈለት። አብዱረሕማን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማው።

“ያ ዞል፣ አንተ ሰው” አለው፣ “እግርህን የምታስረው ሌባ ሁኖ ነው?”

“ከሌባም የባሰ ነው። ሌባ ሰው ሲያየው ያፍራል።”

“እግርህ ጥፋት የለበትም። ሥራ ነው ያጣ። ሥራ እንስጠው።” የኮሮላዋን በር ከፍቶ አዛናውን ከመሪው ኋላ አስቀመጠውና መስኮቱ ላይ ተደገፈ። “ስማኝ። አውቶማቲክ ስትነሣ እንቅልፋም ናት። ነዳጅ ትሰጣታለህ፣ ትሰማለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። እሷ አስባ እስክትጨርስ ሽኩር በዶልፊኑ ሄዷል። ስለዚህ ሳትነሣ አስቀድመህ ቀስቅሳት። በግራ እግርህ ፍሬኑን ያዝ።”

አዛናው የሰማውን አላመነም። “በየትኛው?”

“በግራው።”

ከተማው ሁሉ ተው፣ ሰብስብ፣ እሰር ያለውን እግር አንድ ሰው ና፣ ሥራ አለህ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነበር። አዛናው ግራ እግሩን አንሥቶ ፍሬኑ ላይ አኖረው። ቤቱ እንደገባ ሰው ተመቸው።

“አሁን ማርሹን ዲ ላይ አርግ። ግራህ ፍሬኑን እንደያዘ በቀኝህ ነዳጁን ሽወያ ሽወያ ጫን፣ ቀስ በቀስ። ሞተሩ ይጎትታል፣ ፍሬኑ አይለቅም። መኪናዋ ቁጢጥ ስትል ይሰማሃል።” ተሰማው። ኮሮላዋ ልትዘል እንዳሰበች ሁሉ ከኋላዋ ዝቅ አለች። “እዚያ ላይ ብዙ አትቆይ፤ ካምቢዮዋ ይግላል፣ ዘይቷ ይቃጠላል። ጆንያው ሲወርድ ግራህን አንሣ። ኻላስ። ሌላ ጥበብ የለውም።”

“ሞተሩን መጀመሪያ አስጩኼው ከዚያ ዲ ባስገባስ? ልጆቹ እንዲያ ሲያደርጉ አይቻለሁ።”

“እንዲያ ካደረግህ እኔ ዘንድ አትምጣ። ካምቢዮህን ለቅመህ በጆንያ ነው የምትወስደው።”

ሥልጠናው ቀጠለ። ሸክም ይቀንስ ተባለና የኋላው ዕቃ መጫኛ ተከፈተ፤ ከውስጡ የትራክተር ፒኖች፣ የማረሻ ዲስክ፣ ሁለት ጀሪካንና ታንጉ ከጾሙ መግቢያ ጀምራ ስትፈልገው የነበረው ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ወጣ። አዛናው ሽንኩርቱን እንዴት እንደረሳው ለማስረዳት ጥቂት ሞክሮ ተወው። ጠጠሩ ሜዳ ላይ ሲለማመድ መጀመሪያ ፍሬኑን ድንገት ይለቅና ጎማዎቹ ባዶውን ይዞራሉ፤ ጠጠር ይተፋሉ እንጂ መኪናዋ አትሄድም። “ጠጠር ላይ ነህ፣ አስፋልት ላይ አይደለህም፤ ነዳጁን ቀንስ፣ ፍሬኑን አትጣለው፣ ልቀቀው” አለው አብዱረሕማን። ለአዛናው እግር መልቀቅ ማለት ደግሞ የታወቀ ነገር ነው። ዲስክ የተከለ ትራክተር ከጭቃ ሲያወጣ እንደሚያደርገው፣ ቶሎም ሳይል ሳይጎትትም ለቀቃት። ኮሮላዋ ተወርውራ ሄደች።

“ማ ሻ አላህ” አለ አብዱረሕማን።

ግን አንድ ነገር ቀረ። ከተነሣች በኋላ ሞተሩ ሲያጓራ ግራ እግር አሁንም ወደ ፍሬኑ ያኮበኩባል። አዛናው ይህን ሲጠይቀው አብዱረሕማን ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። “ይኸ የመኪና ጉዳይ አይደለም” አለው። “ይኸ ያንተና የእግርህ ጉዳይ ነው።”

የሩጫው ቀን ከሜዳው ዳር የቀረ ሰው አልነበረም። ከጎጃምም ከወሎም ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች ሂላ በሚሉት የሰሊጥ ነዶ ክምር ጥላ ሥር ተደርድረዋል፤ ባጃጆቹ ሥራ ፈትተው መጥተዋል፤ ታንጉ ከአሰበች ጋር ዣንጥላ ይዛለች። ማህደር ብቻዋን ወደ ሜዳው ጫፍ ሄዳ የኖራው መስመር ላይ ቆመች። አዛናው ከመነሻው ሆኖ ነጭ ቀሚሷን ብቻ ነው የሚያየው።

ሽኩር ከዶልፊኑ መስኮት ብቅ አለ። “አያ፣ እግርዎት እንዴት አድሯል?”

“ደህና አድሯል። ለእናንተም ሰላም በልልኝ ብሏል።”

አቶ አገኘሁ ጆንያውን ከፍ አደረገ። አዛናው ማርሹን ዲ ላይ አደረገ፤ ግራውን ፍሬኑ ላይ ጫነ፤ ቀኙን ሽወያ ሽወያ አለ። ኮሮላዋ ቁጢጥ አለች። ጆንያው ወረደ።

ለቀቃት። ጎማዋ ጠጠሩን ነክሶ ያዘ እንጂ አልዞረም። ሽኩር ፍሪሲዮኑን ለቅቆ፣ ማርሽ ለውጦ፣ እንደገና ለውጦ እስኪደራጅ ነጯ መኪና ቀድማው ሄዳለች። ከሂላዎቹ ሥር ሰው በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። “እጅ ነሺ! እጅ ነሺ!” ይላል ሕዝቡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስድብ አልነበረም። አዛናው በዕድሜው ተጨብጭቦለት አያውቅም። ትራክተር ነድቶ ማን ያጨበጭባል? ደስታው ከእግሩ እስከ አናቱ ወጣ፤ ነዳጁን ጨመረ።

ያኔ ሞተሩ ጮኸ። ግራ እግሩ ከወለሉ ተነሣ።

ተሰማው። ሌላ ጊዜ የሚሰማው ከረገጠ በኋላ ነው፤ ዛሬ ግን ገና ሲነሣ ተሰማው። ቀና ሲል መስመሩ ላይ የቆመችው ልጁ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋለች። ፀሐዩን መከለሏ ነው። አዛናው ግን ፀሐዩን አላሰበም፤ ግንባሩን ነው ያየው። ያቺን እብጠት፣ ያቺን እስከ ቅንድብ የወረደች ነጠላ፣ ዘውዱ እዚህ ላይ ነው የሚያርፍ ያለችበትን ድምፅ። ግራ እግሩን ማዘዝ እንደማይችል ያውቃል። ቀኙን ግን ያዝዛል። ቀኝ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ።

የሞተሩ ጩኸት ወረደ። ማርሽ ለውጥ የሚለው ጆሮ ዝም አለ፤ ግራ እግርም አየር ላይ ትንሽ አመነታና ወደ ወለሉ ተመለሰ። ዶልፊኑ በአቧራ ሸፍኖት አለፈ። ሽኩር መስመሩን አልፎ ክላክሱን ሲያስጮህ አዛናው ገና እየመጣ ነበር፤ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ የመኪናዋ አፍንጫ አንዲት ጣት እንኳ ዝቅ ሳይል።

“ምነው ሰውየው፣ መንገድ ላይ ዘመድ አገኙ እንዴ?” አለ አንድ የጎጃም ሠራተኛ፤ ሂላው ሥር ያለው ሁሉ ከት ብሎ ሳቀ።

ማህደር ወደ መስኮቱ መጣች። አቧራ ቅንድቧ ላይ ተቀምጧል። “አባየ፣ ቀድመኸው ነበር እኮ። ለምን ተውኸው?”

“እግሬ ሲነሣ ተሰማኝ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ነዳጁን ተውኩት።” ጭብጨባው ግን ትንሽ ሳይናፍቀው አልቀረም።

ማህደር አቧራውን ከቅንድቧ ጠረገች። ሽኩር ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ ዞር ብላ “ሽኩር፣ ዘፋኞቹን አንተ ትጭናለህ” አለችው። ሽኩር የአዛናውን እጅ ይዞ እስኪያመው ጨበጠው።

የመልሱ ቀን ኮሮላዋ ታጥባ፣ ኮፈኗ ላይ አበባ ታስሮባት፣ አዲስ ቀበቶ ተገጥሞላት መተማ ዮሐንስ የቸሩ በራፍ ላይ ቆመች። ቀበቶውን የገጠመው አብዱረሕማን ነው፤ ስጦታዬ ነው አለ። ሙሽራ የምትቀመጠው ከኋላ፣ ከባሏ ጋር ነው። ማህደር ግን ካባዋን ሰብስባ የፊተኛውን በር ራሷ ከፈተች። ሚዜዎቹ ሊከለክሏት ሲሞክሩ “ከአባቴ ጎን ነው የምቀመጥ” አለች፤ ቸሩም እየሳቀ ከሚዜው ጋር ከኋላ ገባ።

ሲነሡ አንድ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ ደግፋ ነበር፤ ልማድ ነው። አዛናው አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሞተሩ እንዳይጮህ ነዳጁን እየቆጠበ፣ ሁለቱን እግሮቹን በልቡ እየተቆጣጠረ ነዳ። ከኋላው ሽኩር ዘፋኞቹን ጭኖ ክላክስ ይነፋል፤ ፍጠኑ ይላል፤ አዛናው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከከተማው ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ የማህደር እጅ ከዳሽቦርዱ ወርዶ ጭኗ ላይ ዐረፈ። ትንሽ ቆይቶ አንገቷ ዘንበል አለ። ከሠርጉ ጀምሮ ስትጨፍር፣ ስትስቅ፣ ስትሳም የሰነበተች ልጅ፣ ዘውዷን እንዳደረገች፣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኛች።

አዛናው ዞር ብሎ አያት። በእጅ ነሺ ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ኬላው ላይ ገመድ ተዘርግቷል። ቀኝ እግሩን ቀስ አድርጎ ፍሬኑ ላይ ጫነና መኪናዋን አቆማት። ጠባቂው ሙሽሮች መሆናቸውን አይቶ እልል ሊል አፉን ሲከፍት አዛናው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጠባቂው በመስኮቱ አየ፣ ገባው፤ ገመዱንም ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ አስተኛው። ኋላ ያሉት ዘፋኞች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ፀጥ አሉ።

አሁን መነሣት ነው። የተኛን ሰው የሚያነቃው ደግሞ መኪና ሲነሣ ነው። አዛናው ግራ እግሩን ጠራው፤ ፍሬኑን ያዘ። ቀኙን ሽወያ ሽወያ ጫነ። መኪናዋ ቁጢጥ አለች። ከዚያ ግራ እግሩን ለቀቀው፤ የተኛ ሕፃን ከጭን ላይ እንደሚያነሣ ሰው፣ ያለ የሌለ ጥንቃቄውን ሁሉ ጨርሶ። የማህደር ዘውድ አልተነቃነቀም። ግራ እግሩም ሥራውን ፈጽሞ ማንም ሳያዝዘው ወደ ጥጉ ሄዶ ተቀመጠ።

ገንዳ ውሃ ሲደርሱ በራፉ ላይ ሰው ቆሞ ቆሞ ሰልችቶታል። ከበሮ ያነገቡት ሴቶች ሊጀምሩ እጃቸውን ሲያነሡ አዛናው በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አይሆንም አላቸው።

“ምነው እንዲህ ዘገያችሁ? ወጡ እኮ ቀዘቀዘ” አለች ታንጉ እየሮጠች መጥታ።

“ዝም በይ” አላት። “ተኝታለች።”

ታንጉ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ የልጇን ግንባር ተመለከተች። ምንም የለበትም። ዞር ብላ ለሰዉ ሁሉ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ከበሮዎቹም፣ አጨብጫቢዎቹም፣ ዘመዱም ጎረቤቱም ልጅቱ እስክትነቃ ድረስ ደጅ ላይ ዝም ብለው ቆሙ።